በተጨናነቀው አዲስ አበባ በብስክሌት ሥራ መሄድ፦ ከቤት በር እስከ ቢሮ በር

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ አይደለም፤ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዋ ወደ ገበያ፣ ተማሪው ወደ ግቢ የሚሄድበት እግር ነው። ከተማው ሜዳ ነው፣ ሹፌሩም ብስክሌት እያየ ያደገ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ስመጣ ብስክሌቴን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አመጣሁት፤ ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ የኪራይ ቤቴን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መንገዱን ሳየው ፈራሁ። በመጨረሻ ያስወጣኝ ድፍረት ሳይሆን የታክሲ ሰልፍ ነው። ከመስቀል አደባባይ መገናኛ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ማታ ሰልፉና መንገዱ ተደምረው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጁብኝ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ብስክሌት ያንኑ መንገድ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በማግስቱ ጎማዬን ነፋሁ።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ በመውደቅም በመትረፍም የተማርኩት ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን ሁሉንም የሚያያይዘውን ነገር ልናገር።

ጀማሪ ብስክሌተኛ የሚፈራው ፍጥነትን ነው። ባዶ አስፋልት ላይ የሚከንፍ መኪና በእርግጥ ያስፈራል፣ ይገድላልም። መንገዱ ሲዘጋጋ ግን መኪኖቹ ያዘግማሉ፤ ያን ጊዜ ሰው የሚጎዳው ክፍተት ነው። በቆመ ሚኒባስና በእግረኛ መንገዱ መካከል ያለችው አንድ ሜትር፣ በሲኖትራክና በአጥር መካከል ያለችው ቀዳዳ፣ በሁለት ረድፍ መኪኖች መሃል ያለችው ቀጭን መስመር ባዶ ትመስላለች፣ ትጠራለችም። ችግሩ ሌላ ሰውም በሚቀጥለው ሰኮንድ ሊገባባት ማሰቡ ነው፦ ታክሲ የሚወርድ ተሳፋሪ፣ የሚከፈት በር፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የኋላ ጎማ። ስለዚህ ክፍተት ባያችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከእኔ ሌላ ማን ይፈልጋታል?» መልሱን ካላወቃችሁ አትግቡ።

አንደኛ፦ መንገዱን እሑድ ጠዋት እወቁት

በታክሲ የምትሄዱበት መንገድ ለብስክሌት ትክክለኛው መንገድ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ ስትደርሱ ወደ 900 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ይቀላል፤ ግን ወንዞቹ ወደ ደቡብ ስለሚፈሱ በየመሃሉ ወደ ድልድይ ትወርዱና ትወጣላችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሄደ ሰው ግንፍሌና ቀበና ላይ ጉልበቱ ይነግረዋል። የአየሩን መሳሳትም አትርሱ፤ ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዳገት ላይ ወርዶ ቢገፋ ምንም አያሳፍርም።

እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ውጡና ሙሉውን መንገድ ሂዱት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ዝግ ሆነው ለእግረኛና ለብስክሌት የሚለቀቁበት እሑድ አለ፤ እሱን ካገኛችሁ በመኪና ሳትዋከቡ መለማመድ ትችላላችሁ። በጉዞው ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ፦ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ የት እንዳለ፣ ታክሲዎች በልማድ የት እንደሚቆሙ፣ ወርዳችሁ የምትገፉባቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ካለ ምረጡት። ኮብልስቶን ያንቀጠቅጣል፣ ያዘገያል፣ ነገር ግን ሲኖትራክ አይመጣበትም። እኔ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ ስመርጥ የጠፋብኝ ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ሁለተኛ፦ ብስክሌቱ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። መርካቶ የሚሸጥ ያገለገለ ባለማርሽ ብስክሌት ይበቃል፤ ለዳገቱ ማርሽ ግን የግድ ነው። ዋናው ፍሬን ነው። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ወርዳችሁ የምታውቁ ከሆነ የምናገረው ይገባችኋል። ሁልጊዜ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ጥብቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት፤ ጎማው ከተሽከረከረ ወደ ጠጋኝ እንጂ ወደ ሥራ አትሂዱ። የትኛው እጀታ የፊቱን ፍሬን እንደሚይዝ እጃችሁ ሳያስብ ማወቅ አለበት። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ ጭምቅ ካደረጋችሁት በመሪው ላይ ትገለበጣላችሁ፤ ሁለቱንም በአንድነት፣ የፊቱን ቀስ እያላችሁ ያዙ፣ መቀመጫችሁንም ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ።

ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ የሚሰረጎድ ከሆነ ንፉት። ትርፍ ከመነዳሪና ትንሽ መንፊያ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ጎሚስታ በየሰፈሩ አለ፣ ግን የቸኮላችሁ ቀን አታገኙትም። የሱሪያችሁን የቀኝ እግር ካቴናው እንዳይበላው እጠፉት ወይም በላስቲክ እሰሩት። ልብስ ካቴና ውስጥ ገብቶ መሃል መንገድ ላይ መቆም ቀልድ አይደለም።

ሄልሜት አድርጉ። የኋላ ቀይ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያ ደግሞ ከሄልሜቱ እኩል ቦታ ስጧቸው፤ ሄልሜት ከወደቃችሁ በኋላ ነው የሚረዳችሁ፣ መብራትና ሰደርያ ግን እንዳትመቱ ይረዳሉ። ደወልም ይኑራችሁ። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ መንዳትን በፍጹም አልመክርም። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ከኋላ መምጣቱን የምታውቁት በጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። አሁን ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት ሁልጊዜ በግራ ትከሻችሁ በኩል ዞር ብላችሁ እዩ። ይህን ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመዱት፤ ጀማሪ አንገቱን ሲያዞር መሪውንም አብሮ ያዞረዋል።

ሦስተኛ፦ መንገድ ላይ የት መሆን እንዳለባችሁ

የሚፈራ ሰው ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። ስህተት ነው። ጠርዙ ላይ የተከፈተ ቱቦ፣ አሸዋ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ድንገት ከእግረኛ መንገድ የሚወርድ ሰው አለ። ይባስ ብሎ ሹፌሩ ጠርዝ ላይ ሲያያችሁ ጎን ለጎን ለማለፍ ቦታው የሚበቃ ይመስለውና ታክኳችሁ ያልፋል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ራቁ። ጉድጓድ ሲመጣ ወደ ቀኝ የምትሸሹበት ቦታ ይኖራችኋል፣ ከኋላ ያለው ሹፌርም ለማለፍ መሪውን ማዞር ስላለበት ያስብባችኋል። መንገዱ ጠቦ ማንም ሊያልፋችሁ የማይገባበት ቦታ ላይ የረድፉን መሃል ያዙ። ክላክስ ይነፋባችኋል። ይንፉ፤ ክላክስ የሚነፋ ሹፌር አይቷችኋል ማለት ነው።

ዳር የቆሙ መኪኖችን ስታልፉ ቢያንስ የአንድ በር ስፋት ራቁ። ይህን የምለው ስለቀመስኩት ነው። አንድ የግል መኪና ዳር ቆሞ ሳለ እኔ ከኋላ ያለው እንዳይነጫነጭብኝ ብዬ ወደ ቀኝ ተጠግቼ አለፍኩ። በሩ ተከፈተ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል፤ በሩ የተከፈተው ከፊቴ ሁለት ሜትር ላይ ነበር። ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጣቴ አልተንቀሳቀሰም። የአንገት አጥንቴ ተሰበረ፤ ከኋላዬ ይመጣ የነበረው አውቶቡስ መቆም በመቻሉ ነው ዛሬ የምጽፈው። ሰውየው ደንግጦ «አላየሁህም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላየኝም። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ሰው መኖሩን በኋላ መስታወቱ ማየት እችል ነበር።

አራተኛ፦ ሚኒባስ ታክሲ

በዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት መንዳት ማለት ግማሹ ታክሲ ማንበብ ነው።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ይገባል። ፍሬቻ ባያሳይም ሌላ ምልክት ግን ሁልጊዜ ይሰጣል። ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የእግረኛ መንገዱን ማየት ከጀመረ ሊቆም ነው። ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ከሰማችሁ ሊቆም ነው። ከፊት እጁን የዘረጋ ወይም ሻንጣ ይዞ የቆመ ሰው ካለ ሊቆም ነው። ሳያቋርጥ ይሄድ የነበረው ድንገት ሲያዘግም ሊቆም ነው። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ፔዳል መምታት አቁማችሁ ከኋላው ቅሩ። ሦስት ሰኮንድ ነው የምትከስሩት።

ከቆመ በኋላ በቀኝ በኩል፣ በበሩና በእግረኛ መንገዱ መካከል፣ አትለፉ። መቼም። በሩ ተንሸራታች ነው፤ ሲከፈት አታዩትም፤ የሚወርደው ሰው ደግሞ ፊቱን ወደ ብስክሌት ሳይሆን ወደ መሬት አድርጎ ነው የሚዘልለው። አንድ እናት ሕፃን አዝላ ብትወርድ ምን እንደምታደርጉ አስቡ። በግራ እለፉ፤ ከኋላችሁ መኪና እየመጣ ከሆነ ግን ጠብቁ። በግራ ስታልፉ የፊት ጎማውን ተመልከቱ። ሹፌሩ ወዴት እንደሚሄድ ፊቱም ፍሬቻውም ላይነግራችሁ ይችላል፤ ጎማው ግን አይዋሽም። ወደ ግራ መዞር ከጀመረ ሊወጣ ነው፣ አስቀድሙት።

የተሻለ መንገድም አለ። ብስክሌት ሳትይዙ የምትሄዱባቸው ቀናት ላይ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ እሱ የሚያየውን እዩ። የቀኙ ስፖኪዮ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም የተሰነጠቀ ነው፤ ብስክሌተኛ ከበሩ አጠገብ ሲደርስ ከመስታወቱ ውስጥ ይጠፋል። ሹፌሩ በዚያው ቅጽበት ከፊት የሚቆርጠውን፣ ዳር የቆመውን ተሳፋሪ፣ ትራፊክ ፖሊሱን፣ የወያላውን ድምፅ ይከታተላል። ይህን ካየሁ በኋላ ታክሲ ሹፌሮች ላይ የነበረኝ ቁጣ ቀነሰልኝ፤ ጥንቃቄዬ ግን ጨመረ። ተራ ላይ ከቆሙት ጋር ሰላምታ መለዋወጥም ይረዳል። በየቀኑ የሚያልፉኝ ሁለት ሦስት ሹፌሮች አሁን «ባሕር ዳር!» ብለው ይጠሩኛል፣ ቦታም ይሰጡኛል።

ባጃጅ ባለበት ሰፈር የታክሲው ሕግ ሁሉ ይሠራል፤ ባጃጅ ግን ባለበት ሊዞር ስለሚችል ርቀቱን እጥፍ አድርጉ።

አምስተኛ፦ ሲኖትራክና አውቶቡስ

እዚህ ላይ ንግግር አላበዛም። ከቆመ ከባድ መኪና በቀኝ በኩል አትግቡ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የፊቱ ጎማ ሰፋ አድርጎ ይዞራል፣ የኋላው ግን ማዕዘኑን ቆርጦ ጠርዙን እየላሰ ነው የሚያልፈው፤ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ይዘጋል። ሹፌሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከቀኝ በሩ ሥር ያለውን አያይም፤ ከአፍንጫው ፊት ለፊት የቆመውንም ላያይ ይችላል። መብራት ላይ ከፊታችሁ ከባድ መኪና ካለ ከኋላው ቁሙ። እሱ ከኋላችሁ ከመጣ ደግሞ ዞር ብላችሁ የሹፌሩን ዓይን ፈልጉ፤ ዓይኑን ካላያችሁት እሱም አላያችሁም። ቀጥሎ ያለው ምርጫ ከብስክሌቱ ወርዶ ወደ እግረኛ መንገድ መውጣት ነው።

ስድስተኛ፦ አደባባይ

በሕጉ መሠረት አደባባይ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሣር ቤት የቆመ ሰው ይህ ሕግ ምን ያህል እንደሚከበር ያውቃል። እኔ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ትልቅ አደባባይ ውስጥ አልነዳም። ወርጄ፣ ብስክሌቱን በቀኜ ይዤ፣ በዜብራው ከእግረኛ ጋር እሻገራለሁ። ሰው ሲሻገር አብሮ መሻገር ያለውን ጥበቃ አትናቁት፤ አሥር ሰው በአንድነት ሲሻገር የማይቆም ሹፌር ጥቂት ነው።

መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ከነዳችሁበት ግን ውጭኛውን ጠርዝ ይዛችሁ አትዙሩ፤ የሚወጣው መኪና ሁሉ በእናንተ በኩል ነው የሚቆርጠው። ከመግባታችሁ በፊት የረድፉን መሃል ያዙ፣ የምትወጡበት እስኪደርስ ድረስ አትልቀቁት፣ ስትወጡ ቀኝ እጃችሁን ዘርጉ።

ሰባተኛ፦ የብስክሌት መንገዱ

በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከቦሌና ከመገናኛ አካባቢ ጀምሮ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ከአሥር ዓመት በፊት ይህን ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ ስነዳበት አሁንም ደስ ይለኛል። ግን የራሱ አነዳድ አለው። እግረኛ ይሄድበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይቆምበታል። ሊቆጣቸው የሚፈልግ ብስክሌተኛ አይቻለሁ፤ እኔ አልስማማም። ሕዝቡ ለዘመናት ሰፊ የእግር መንገድ አጥቶ የኖረ ነው። ፍጥነታችሁን ወደ 10 ኪሎ ሜትር አውርዱ፣ ደወሉን ከሩቅ አንድ ጊዜ ምቱ፣ «ይቅርታ» በሉ። ነጭ በትር የያዘ ሰው ካያችሁ ደወል አትምቱበት፣ ቆማችሁ አሳልፉት፤ ደወሉ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ሊደናገር ይችላል።

እውነተኛው አደጋ መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ሹፌሮች እዚያ ድረስ አላዩአችሁም፤ ድንገት ከፊታቸው ብቅ ትላላችሁ። ከማለቁ 20 ሜትር በፊት ዝግ በሉ፣ ዞር ብላችሁ እዩ፣ ካስፈለገ ቁሙ። መስመሩን የሚያቋርጡ የሕንፃና የነዳጅ ማደያ መግቢያዎች ላይም እንዲሁ።

ለሴት ብስክሌተኞች አንድ ቃል። ለከፋው እንዳለ አውቃለሁ፤ አብራኝ የምትሠራ እህት ስትነግረኝ ነው ስፋቱ የገባኝ። እሷን የረዳት ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሰዓት ተቀጣጥሮ አብሮ መውጣት ነው። አጠገባቸው የምንነዳ ወንዶች ደግሞ የሚለክፍን ሰው ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

ስምንተኛ፦ ክረምት፣ ጨለማ፣ ውሻ

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ጠዋት ደረቅ ስለሆነ ብላችሁ አትሞኙ። ውሃ ያቆረ ቦታ ውስጥ አትግቡ። ትናንት ክዳን የነበረው ጉድጓድ ዛሬ ላይኖረው ይችላል፣ ከላይ ሲታይ ደግሞ ሁሉም ኩሬ አንድ ነው። ከረጅም በጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና ዘይቱን ቀላቅሎ መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል። የማንሆል ክዳን፣ የዜብራ ቀለምና ኮብልስቶን እርጥብ ሲሆኑ ቀጥ ብላችሁ፣ ሳትታጠፉ፣ ፍሬን ሳትይዙ እለፏቸው። በረዶ ከመጣ ቁሙና ተጠለሉ።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ከጨለማ ጋር ይገጥማል። መብራት ጠፍቶ መንገዱ የሚጨልምበት ቀን አለ፤ የራሳችሁ የፊት መብራት መንገዱን የሚያሳያችሁ መሆን አለበት።

ውጭ የሚያድሩ ውሾች ገና ሳይነጋ የሚሮጥ ብስክሌት ያባርራሉ። ለማምለጥ አትሞክሩ። ወርዳችሁ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ በእርጋታ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ሩጫው ሲቆም እሱም ይተዋል። በዓል ሲቀርብ ደግሞ የበግ መንጋ መንገዱን ይሞላል፤ አንዱ በግ ከዞረ ሌሎቹም ይዞራሉ፣ ከኋላ ተከትላችሁ እለፉ።

ዘጠነኛ፦ አደጋ ከደረሰ

መጀመሪያ ከመንገዱ ውጡ። ብስክሌቱን ተዉት። ራሳችሁን ከተመታችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ካስመለሳችሁ፣ ቁስል ባይታይም ሐኪም ቤት ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው፤ ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቧቸው።

የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና ኮድ ፎቶ አንሱ፤ ካልቻላችሁ ያየ ሰው ጠይቁ። በዙሪያችሁ የሚሰበሰበው ሰው በደግነት «ተዉት፣ ተስማሙ፣ ደህና ነሽ እኮ» ይላል። እርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰውነታችሁ ገና ሙቅ ሳለ ምን እንደተጎዳ አታውቁም። የእኔ አንገት አጥንት ማታ ነው መጮህ የጀመረው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ እስኪመዘግብ ጠብቁ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰውም ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። የፖሊስ መዝገብ ከሌለ ይህን መብት መጠየቅ ይከብዳል።

ብስክሌቱን ደግሞ የወደቀ ቀን አትንዱት። የፊት ሹካው፣ ቸርኬውና የፍሬን ሽቦው በጠጋኝ ይታይ።

አሥረኛ፦ መድረስና ማቆም

ብዙ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ እንጂ የብስክሌት ማቆሚያ የለውም። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ተነጋገሩ። እኔ የሄድኩት ጠዋት ሥራ ከመብዛቱ በፊት ነው። «ጋሼ፣ ይህችን ብስክሌት ጥግ ላይ ባሰራት ያስቸግራችኋል?» አልኳቸው። «መኪና አይደል እንዴ የሚያስቸግረው ልጄ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን እሰራት» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናቸው አይለያትም። ቁልፉ ፍሬሙንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ከማይነቀል ብረት ጋር የሚያስር ይሁን፤ የፊት ጎማውን ብቻ ካሰራችሁ ጎማው ብቻ ቀርቶ ብስክሌቱን የምታጡበት ቀን ይመጣል። መብራቱን ነቅላችሁ ይዛችሁ ግቡ። አንድ ትርፍ ሸሚዝና ፎጣ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሂዱ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጥሩ ናቸው። ከቤት የምትወጡት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፤ መንገዱ ከመሙላቱ በፊት ግማሹን ጨርሳችኋል።